ጁገል ውስጥ እንግዳ ሳሳድር የተማርኩት

ሐረር ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለውን የቤተሰባችንን ቤት ለእንግዳ ስከፍት ጭንቀቴ ሁሉ ማሳመር ነበር። ግድግዳውን ኖራ፣ ነደባውን፣ ማለትም መቀመጫ መደቡን፣ ቀይ አስቀባሁ። የአያቴን ስፌቶች ከሳጥን አውጥቼ ሰቀልኩ። ሁለት ክፍል፣ ቁርስ ከእኔ። ውኃ ትዝም አላለኝ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶቼ ባልና ሚስት ነበሩ። ከድሬዳዋ በሚኒባስ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ሴትየዋ ልትታጠብ ገባች። ፀጉሯ ላይ ሻምፑው እንዳለ ቧንቧው ጭል ጭል አለና ቀጥ አለ። ከጎረቤት ለምኜ በጆግ በበሩ ክፍተት አቀበልኳት። ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የሐረር የውኃ ችግር የቆየ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ውኃችን ከድሬዳዋ በኩል፣ ያን ሁሉ ዳገት በፓምፕ ተገፍቶ እንዲመጣ ሆነ። ስለዚህ በፈረቃ ነው። አሁን ሮቶ አለኝ። ፈረቃው ከዘገየ ቦቴ በእኛ ጠባብ መንገድ ስለማይገባ በአህያ አስመጣለሁ፤ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጀሪካን እያሰብኩ።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። አንድ የውጭ አገር ሰው «በ7 ሰዓት መኪና ጥሪልኝ» አለኝ፤ ጠራሁለት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ስልክ አያነሳም። አውሮፕላኑ አመለጠው። የአዳሩን ሒሳብ አልተቀበልኩትም። ከዚያ ወዲህ «ከቁርስ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?» ሳልል አልመዘግብም።

እናቴን ያስከፋት ግን ሌላ ነው። አንዱ እንግዳ ጭቃ የነካው ጫማውን አሚር ነደባ ላይ አስቀመጠ። የቤቱ ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት መደብ ነው። እናቴ ዝም ብላ በእጇ ጠረገችው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማን ነገረው? አሁን ሻይ ከመቅዳቴ በፊት ቤቱን እያዞርኩ አሳያለሁ።

ከመምጣታቸው በፊትም እጽፍላቸዋለሁ፦ ውኃ በፈረቃ ነው፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሌሊት አዛን ይሰማል። ጁገል ውስጥ 82 መስጊድ አለ፤ እኔን ድምፁ ያስተኛኛል፣ እንግዳ ግን ደንግጦ ይነሳል። አንብቦ የሚቀር አለ። ይቅር።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንዲት ልጅ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ገና ሳትቀመጥ «እትዬ፣ ዛሬ የውኃ ተራችሁ ነው?» አለችኝ።

«ማታ ይመጣል፤ አሁን ግን ሮቶው ሙሉ ነው፣ ታጠቢ» አልኳት።