ሊንዞሊድና የስፌት መኪናዬ

አክታዬ ጂንኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ታይቶ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንደያዘኝ ሲነገረኝ የታወሰኝ የድሮ ጎረቤታችን ነው። በእሱ ጊዜ ሕክምናው 20 ወር ገደማ ነበር፤ ለወራት በመርፌ ተወግቶ ዳነ፣ ጆሮውን ግን አጣ። ለእኔ የታዘዘልኝ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የመከረው የ6 ወር ሕክምና ነው፤ ቤዳኪሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊንዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን። ሁሉም ክኒን ነው።

ቤዳኪሊንና ፕሪቶማኒድ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጡት። ጾም ስለነበር የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፤ "ልጄ፣ በልተሽ ዋጪ" ብለው ገላገሉኝ።

የሚያስቸግረው ሊንዞሊድ ነው። በቀን 600 ሚሊግራም እወስድ ነበር። ደም ያሳንሳል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ ዓይንም ይነካል። ደሜ ሲወርድ ባለቤቴ የብረት ክኒን ሊገዛልኝ ተነሣ፤ ሲስተር አስቆመችው። መድኃኒቱ የሚጫነው ደም የሚሠራውን መቅኒ ነው፤ ብረት ደግሞ ሞክሲፍሎክሳሲን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መኪናዬም የእግር ነው። አንድ ጠዋት በባዶ እግሬ ስረግጠው የብረቱ ቅዝቃዜ ለጣቶቼ አልተሰማቸውም። ማታ ደግሞ ውስጥ እግሬ እንደ በርበሬ ይለበልበኛል። ክኒኔን ስውጥ "ሲስተር፣ እግሬ ደነዘዘ" አልኳት። ሐኪሙ የሚነዝር ብረት አውራ ጣቴ ላይ አሳርፎ "መንዘሩ ሲያቆም ንገሪኝ" አለኝ። ገና ሲያሳርፈው "ቆመ" አልኩት፤ እሱ ግን በእጁ እየተሰማው ነበር። ሊንዞሊዱን ለአጭር ጊዜ አቋርጦ በ300 አስጀመረኝ። ሙሉውን መጠን ከ9 ሳምንት በላይ ወስጄ ስለነበር ነው የተቻለው፤ ከዚያ በፊት ቢሆን መቀነሱ ሕክምናውን ያዳክመዋል። በራስ ፈቃድ መተውማ ባክቴሪያው ሌሎቹንም እንዲላመድ መንገድ መክፈት ነው።

ለዓይኔ በየወሩ ነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር የተደበቀበት መጽሐፍ ያሳዩኝ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ አንዱን ዓይኔን ሸፍኜ ቀዩንና አረንጓዴውን ክር አያለሁ፤ ከዚያ ሌላውን። ቀዩ ከደበዘዘ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ነው መሄድ። ለእኔ አልደበዘዘም።

ሕክምናውን ጨርሻለሁ፤ አክታዬም ንጹሕ ነው። ትንንሾቹ ጣቶቼ እስካሁን አልነቁም። ሊንዞሊድ የጀመረ ሰው ሳገኝ፣ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ ይታወቀው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።