የባሕር ዳርቻን ስሌት ይዤ ኮምቦልቻ ላይ የደቃቅ ብናኝ ናሙና ስወስድ

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ፓምፑን ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚተልቀውን ብናኝ የሚያስቀረው ሳይክሎን የተባለ መለያ በደንብ የሚለየው በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር ሲያልፍበት ነው፤ ያውም በቦታው ግፊት የተለካ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግፊቷ 81 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። በባሕር ወለል ግፊት የተስተካከለ የፍሰት መቆጣጠሪያ 16.7 ሲል በእውነት የሚያልፈው ወደ 21 ሊትር ነው። አየሩ ሲፈጥን ሳይክሎኑ መግባት የነበረበትን ደቃቅም ያስቀራል፤ ክብደቱ አንሶ ይመጣል። ደሴ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፍሰቱን በየናሙናው መነሻና መድረሻ እዚያው ጣሪያ ላይ እለካለሁ።

ማጣሪያው ሁለት ነው፦ ቴፍሎን ለክብደት፣ ለብረቶችና ለጨዎች፤ በ550 ዲግሪ አስቀድሞ የተቃጠለ ኳርትዝ ለካርቦን። በ24 ሰዓት 24 ሜትር ኩብ ያልፋል፤ አየሩ በሜትር ኩብ 30 ማይክሮግራም ቢይዝ ማጣሪያው ላይ የሚቀረው 720 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የጣት ቅባት ወይም እርጥበት ይህን ያበላሸዋል። ከመመዘኑ በፊት ከ30 እስከ 40 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ለ24 ሰዓት አሳድረዋለሁ፤ በወረንጦ እንጂ በእጅ አልነካውም። በመንገድ የገባ ብክለት ካለ እንዲታወቅ አየር ያላለፈበት ባዶ ማጣሪያም አብሮ ወጥቶ ይመለሳል።

መብራት ሲጠፋ የአየሩን መጠን ፓምፑ በሠራበት ሰዓት ማስላት ይቻላል። የጠፋው ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ከሆነ ግን ናሙናውን እጥለዋለሁ። ቀዝቃዛው አየር የማዕድ ቤቱን ጭስ ሸለቆው ውስጥ አፍኖ የሚያቆየው ያኔ ነውና።

ትልቁ ስህተት የነበረው ስሌቱ ላይ ነው። በባሕር ዳርቻ ሶዲየም የባሕር ጨው ምልክት ነው፤ ከባሕር ጨው የመጣውን ሰልፌት ለማውጣት የሶዲየሙ 0.25 እጥፍ ከሰልፌቱ ይቀነሳል። ክሎራይዱ ከሶዲየሙ 1.8 እጥፍ ካነሰ ደግሞ ናይትሪክ አሲድ ክሎሩን አባሮታል ይባላል። እዚህ ግን ሶዲየሙ በአብዛኛው ከአፈር፣ ክሎራይዱ ከእንጨት፣ ከኩበትና ከሚቃጠል ፕላስቲክ ነው። ቅነሳውን ትቼ ሶዲየምን የአፈር ምልክት ከሆኑት ከአሉሚኒየምና ከሲሊከን፣ ክሎራይድን የጭስ ምልክት ከሆነው ከፖታሲየም ጋር ማስተያየት ጀመርኩ።

ፖታሲየምም ከአፈር ስለሚመጣ ብዙዎች የአፈሩን ድርሻ በአይረን (በብረት ንጥረ ነገር) ያሰላሉ። ኮምቦልቻ ብረት የሚሠራባት ከተማ ናት፤ አይረኑ ራሱ ከፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ለጭስ የምጠቀመው በውሃ የሚሟሟውን ፖታሲየም ብቻ ነው። የመስከረም 16 እና 17 ናሙናም ከአማካዩ ይወጣል፤ የደመራ ጭስ አለበት።

አሞኒየም ናይትሬት በሙቀት ይተንናል። ማጣሪያው እንደወረደ በረዶ ሣጥን ይገባል፣ ከዚያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል። ናይትሬቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ስለ አየሩ ከማውራቴ በፊት የሣጥኑን የሙቀት መዝገብ አያለሁ።