ያልተፈጠረ ዕቃ ሲያረጅ

ሰሞኑን ቅር ቅር ይለኛል። የሆነ ነገር ተፈጥሮ አይደለም። ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር አለ አይደል? ሌላ ጊዜ የዲዛይን ስዕል ክፍል ስገባ ይለቀኛል። ዛሬ ግን ገብቼ ወጣሁ፣ ስሜቱም አብሮኝ ገብቶ አብሮኝ ወጣ።

የተሰጠን ሥራ እኮ ደስ የሚል ነው። የሌለ ዕቃ አስቡና ሳሉ ተባልን። ማንም ያልሠራው፣ ምናልባትም ሊሠራ የማይችል። መምህራችን ያስጠነቀቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይሠራል ወይ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ እንዴት እንደሚያዝ ግን እጠይቃችኋለሁ» አሉ።

እኔ የብርሃን ማንቆርቆሪያ መረጥኩ። ቀን መስኮት ላይ ተቀምጦ ብርሃን ይሞላል። ሲመሽ ይቀዳል። ለማንበብ ሞላ አድርጎ፣ ልጅ ለማስተኛት ጠብ አድርጎ።

በወሬ ቀላል ነው። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም «ውይ ደስ ሲል!» አሉ፤ ክዳኑ በየት በኩል ነው የሚከፈተው ያለኝ ግን የለም። ወረቀቱ ላይ ስጎነበስ ጥያቄው ጎረፈ። ክዳኑ በማጠፊያ ነው ወይስ እየዞረ ነው የሚከፈተው? ግድግዳው ስስ ነው ወፍራም? እጀታው ውስጥ አራት ጣት ይገባል ወይስ ሦስት? ያልወሰንኩትን ነገር መሳል አልችልም። በአፍ ማለፍ ይቻላል፣ በእስክሪብቶ ግን አይታለፍም። ይህን ትምህርት የምወደውም ለዚህ ነው።

ከሁሉም ያለፋኝ የክቡ ነገር ነው። ክብ ነገር ከጎን ሲታይ ሞላላ ይሆናል፤ እኛ ኤሊፕስ እንለዋለን። ልክ ከዓይናችን ከፍታ ጋር ሲስተካከል ቀጭን መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ዝቅ እያለ ሲሄድ እየተከፈተ ይመጣል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለ ማንቆርቆሪያ የታችኛው ሞላላ ከላይኛው ይበልጥ ክፍት መሆን አለበት። አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ከሳላችኋቸው ዕቃው ይጣመማል፤ የት ጋ እንደተበላሸ ግን ቶሎ አይገባችሁም። የሞላላው አጭሩ መሃል መስመር ደግሞ ከዕቃው ምሰሶ ጋር መግጠም አለበት። ትንሽ ካዘነበለ ዕቃው የሚወድቅ ይመስላል።

ላጲስ አይፈቀድም። እጅን ከትከሻ እያንቀሳቀሱ፣ ወረቀቱን ሳይነኩ አየር ላይ ደጋግሞ መዞር፣ ከዚያ አንዴ ማሳረፍ ነው። የማይታየውንም ጀርባ እንስላለን። እጀታው ከዕቃው ሆድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ልክ የሚመጣው ከጀርባ ያለውን ካወቁ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም ግድግዳ ላይ ለጠፍን። የራሱን ጥላ የሚያጥፍ ጃንጥላ አለ። የሰውን ልብ ምት እየተከተለ የሚሄድ ሰዓት አለ። አጠገቤ የምትቀመጠዋ ደግሞ የሳለችው ያለቀሰ ሰው የሚያወራበት ስልክ ነው፤ ድምፁን አጥርቶ ያስተላልፋል። ሁሉም ያምራል። ማርከሩ ያበራል፣ ነጩ ነጸብራቅ ቦታውን ይዟል፣ ጥላው ወደ አንድ ወገን ወድቋል።

እናም ሁሉም አዲስ ነው። አንዱንም ሰው ነክቶት አያውቅም።

ይህቺ ሐሳብ ናት ይዛኝ የሄደችው። እነዚህ ዕቃዎች ቢያረጁ ምን ይመስላሉ? ያልተፈጠረ ዕቃ ያረጃል ወይ? ካረጀስ የት ጋ ነው የሚጀምረው?

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ሪሞቱን ነው። ሁላችሁም የምታውቁትን። የድምፅ መጨመሪያው ላይ የነበረው ምልክት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። መቀነሻው ላይ ግማሹ አለ። በቀኝ በኩል ከታች ያሉት ሁለት ቁልፎች ከካርቶኑ ትናንት የወጡ ነው የሚመስሉት። ለምን እንደሚያገለግሉም ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ የለም። የባትሪው ክዳን መቆለፊያ ምላሱ ተሰብሮ በስኮች ታስሯል፤ የስኮቹ ጠርዝ ደግሞ አቧራ ይዞ ጠቁሯል። የሠራው ሰው ሁሉንም ቁልፍ እኩል ነው ያደረገው። እኛ እኩል አላደረግናቸውም። ዲዛይነሩ ይህንን ሪሞት አንድ ጊዜ ቢያየው ብዬ ተመኘሁ። ከሁለቱ ሥራ ፈት ቁልፎች ይልቅ አንድ ጠንካራ የክዳን ምላስ ይሠራ ነበር።

ወዲያው አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ማንቆርቆሪያውን አሮጌ አድርጌ ልስለው።

እጀታውን ማደብዘዝ ቀላል መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። ግን የቱ ጋ ላደብዝዝ? አውራ ጣት የት ነው የሚያርፈው? ተነስቼ ባዶ ማሰሮ አንስቼ እንደምቀዳ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ተቀምጬ የተበላውን ቦታ ሳልኩት። ስጨርስ አየሁት፣ የአውራ ጣቱ ቦታ በተቃራኒ በኩል ነው። ማሰሮውን ያነሳሁት በቀኜ ነው። የሳልኩት ግን የጋሽዬን እጅ ነው። ጋሽዬ ግራኝ ነው። ሲቀዳ ሳየው ነዋ ያደግኩት! ማንቆርቆሪያው ለማን እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩም ነበር። አዲሱ ስዕል የማንም ነው፤ አሮጌው ባለቤት አለው።

ከዚያ አፉ መጣ። ብርሃን በየቀኑ የሚፈስበት አፍ ምን ይሆናል? መልሱ ፈጠራ አይጠይቅም፣ መጋረጃ ያየ ሰው ያውቀዋል። ፀሐይ ቀለም ትበላለች። ነጭ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይወይባል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ይህ ማንቆርቆሪያ ከአፉ ጀምሮ ወደ ኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል። ክዳኑ ሥር ያለው ቀለም ብቻ እንደመጀመሪያው ይቀራል። ይህን ስስለው ዕቃው የሆነ ቦታ በእርግጥ ያለ መሰለኝ። ቅር ያለኝም ነገር በየት በኩል እንደወጣ አላውቅም።

ያልተሠራ ዕቃ ከሰው ጋር አብሮ መኖር የሚችል መሆኑን እኔ አይደለሁም የመጀመሪያው የማስበው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አለን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1968 በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር አለመ፤ በኋላ ዳይናቡክ ያለው። ያኔ ሊሠራ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ከካርቶን ሠራው። ከዚያ ውስጡ ትንንሽ የእርሳስ ብረት ፍሬዎች ጨመረበት፤ ዕቃው ምን ያህል መቅለል እንዳለበት በእጁ ሊያውቅ ፈልጎ። ከ1 ኪሎ በታች መሆን አለበት ብሎ ወሰነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የሌለ ኮምፒውተር መዘነ እኮ!

ጄፍ ሃውኪንስ ደግሞ አለ። የፈጠረው የኪስ ኮምፒውተር፣ ፓልም ፓይለት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያው መጠን የተቆረጠ እንጨት ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ የሚይዝለት ሰው ሲመጣ እንጨቱን አውጥቶ እንደሚጽፍ ይነካካዋል። ሰው ምን እንዳለው እንጃ። እኔ የምጓጓው ግን ስለ እንጨቱ ጠርዝ ነው። ኪስ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ጠርዙ አልተላገም? ከተላገ፣ እውነተኛው ዕቃ ገና ሳይወለድ ማርጀት ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ጃፓናዊው ኬንጂ ካዋካሚ ቺንዶጉ ያለው ነገርም ትዝ አለኝ። ለአገልግሎት የማይሆኑ የፈጠራ ዕቃዎች ናቸው። ከሕጎቹ አንዱ ግን ዕቃው የግድ መሠራት አለበት ይላል። በሐሳብ ብቻ መቅረት የለም፤ በእጅ ሊያዝ ይገባል። ለሽያጭም አይቀርብም። ድሮ ይህ ሕግ አይገባኝም ነበር። ለማይጠቅም ነገር ምን አደከመ እል ነበር። አሁን በጣም ትክክል መሰለኝ። ያልተያዘ ነገር ውስጡ የተደበቀውን አያወጣም።

ወደ ስዕሌ ልመለስ። የቀረኝ ታችኛው ክፍል ነው፣ እዚያ ላይ ቆሜያለሁ።

ይህ ዕቃ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ብርሃኑ ያፈሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ በቀጭኑ። ታዲያ ማን ነው የሚጠግነው? ካቻቪቴ የያዘ ማንኛውም ሰው ሊከፍተው ይችላል ካልኩ፣ ከሥሩ ብሎኖች ማድረግ አለብኝ። ብሎን ካለ መገጣጠሚያ አለ። መገጣጠሚያ ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል። በማጣበቂያ ድፍን ካደረግኩት ጠብ አይልም፣ መስመሩም ያምራል፣ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ መጣል ነው። ውኃ የማያስገቡ ስልኮች ላይ ያለው ጣጣ ይኸው ነው። ማጣበቂያው ውኃውን ይከለክላል፣ ባትሪውን መቀየር የፈለገውንም ሰው ያስቸግራል።

ጋሽዬ ቢሆን ብሎን ነው የሚለኝ። የተሰበረ ነገር ሲጥል አይቼው አላውቅም። ፈቶ፣ አይቶ፣ ካልሆነለትም መልሶ ገጥሞ ነው የሚያስቀምጠው። አጠገቤ የምትቀመጠዋን ብጠይቃት ድፍን አድርገው ትላለች። ለእሷ ማንቆርቆሪያው ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ምንም ሳያፈስ፣ እስኪቀዳ ድረስ ዝም ማለት አለበት። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ደግሞ ሌላም አለ። ስንጥቁ ላይ ስቆይ፣ ያፈሰሰውን ማንቆርቆሪያ ጨርሶ የማይጠግን ሰው ታየኝ። ሌሊት ልጁ ውኃ ሊጠጣ ሲነሳ እንዳይደናቀፍ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ሰው ዕቃው ተበላሸ ወይስ ገና አሁን ሥራውን አገኘ? እኔስ ስስለው ይህንን ሰው ማሰብ ነበረብኝ?

የታችኛው ሞላላ እስካሁን ባዶ ነው። ብሎን ከሆነ አራት ትንንሽ ክቦች እዚያ ላይ ይገባሉ፤ እነሱም እንደ አቅማቸው ኤሊፕስ ናቸው። ድፍን ከሆነ አንድ መስመር ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትስላላችሁ?