ማንቆርቆሪያው

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከወንበሩ፣ ከጎማውና ከጆንያው ጋር የጥበቃዎቹ 12 ምንሽሮችም በእኔ ፊርማ ላይ ነበሩ። ጎጃም ተወልጄ ጠመንጃ አላውቅም ብል የሚያምነኝ የለም፤ የማውቀው ግን መሸከሙንና መወልወሉን ብቻ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጥበቃዎቹ ለዒላማ ልምምድ ወጡ። አንዱ ሣጥን ጥይት ሲያልቅ ሁለተኛውን ከፍቼ አደልኩ። ጥይት ያው ጥይት ነው ብዬ፣ መዝገቡ ላይ ብዛቱን እንጂ ከየትኛው ሣጥን ለማን እንደሰጠሁ አልጻፍኩም። ማታ ሲመለሱ ራሴ ቆሜ፣ ሁሉም በዘይት ተወልውለው ገቡ።

የማርቆስን ክረምት ያየ ያውቀዋል። ከተማው ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጭጋጉ ከጮቄ ወርዶ መጋዘን ውስጥ የሚያድር ይመስላል። በሳምንቱ አንዱን አንስቼ በአፈሙዙ ባይ ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ጨርቅ በዘንግ ከትቼ ሳወጣው በርበሬ የነሰነሱበት መስሎ ወጣ። ሌሎቹንም አየሁ። 7ቱ ዝገዋል፣ 5ቱ እንደ መስተዋት ያበራሉ።

ኃላፊዬ አንድ ቃል ብቻ ነበረው፦ «አልወለወልክም!» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፍብኝ ወረቀት አወጣ። ለምኜ ጊዜ ወሰድኩና 7ቱን በዘይት አጥለቅልቄ ወለወልኩ። በአራተኛው ቀን ዝገቱ ተመልሶ ነበር።

ከጥበቃዎቹ አንዱ በጃንሆይ ጊዜ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ ስለ መወልወሉ ምንም ሳይሉ፣ «ጥይቱ የትኛው ነበር?» አሉኝ።

«የምንሽር ነዋ፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አየሁ። ቀለሃውን አምጣ።»

የተለቀመውን ቀለሃ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። አንድ በአንድ እየገለበጡ ቂጡን ያዩ ጀመር። በከፊሎቹ ላይ የተመታው ቁጥር፣ የተሠሩበት ዓመት፣ 54 ነው፣ በሌሎቹ ላይ 85። መሐል ላይ ያለችውን፣ መርፌው የጎደጎዳትን ትንሽ ቆብ በጥፍራቸው ነካ አድርገው፣ «ጥፋተኛዋ እቺ ናት» አሉ። ካፕሱሏን ማለታቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሩዱን የምትለኩሰው ካፕሱል እንደ 54ቶቹ ባሉ የድሮ ጥይቶች ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት፤ በ85ቶቹ ግን የለባትም። እሱ ሲቃጠል የሚተወው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከገበታ ጨው ብዙም የማይለይ ጨው። ጨዉ አፈሙዙ ውስጥ ተጋግሮ ይቀርና ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም፤ እኔ በላዩ ላይ ዘይት እየቀባሁ ጨዉን ስከድነው ነው የከረምኩት።

«ሽሮ የነካው ጣትህን በቅቤ ትታጠባለህ?» አሉኝ። «ውሃ አፍላ!»

ጠመንጃ ውስጥ ውሃ! አያቴ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሱ ነበር። ግን ከክበቡ ማንቆርቆሪያ አመጣሁ። ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት አውጥተን፣ አፈሙዙን ወደ ታች ይዘን፣ በኋላ በኩል የፈላ ውሃ አንቆረቆርንበት። መጀመሪያ ጥቁር ወጣ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ጥርት ያለ። (እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።) ብረቱ በጣም ስለሚግል ውሃው ወዲያው ይተናል። ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ዘይት። 7ቱንም እንዲሁ አደረግን፤ የሁለቱ ጥርስ (አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር) ግን ቀድሞ ተበልቶ ስለነበር ጉድጓዱ እስከ ዛሬ አለ።

ውሃው ሲፈላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ጥበቃ ብልሃት መጣለት። «ታዲያ ካፕሱሏን ነቅለን ጨው የሌላት የሽጉጥ ብንከትባትስ?» ሽማግሌው እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። የሽጉጥ ካፕሱል የሽጉጥን ቀላል ምት እንድትቀበል ቆቧ ስስ ነው፤ የጠመንጃ ግፊት ሲያርፍባት ተበስታ ትኩስ ጋዙን ወደ ተኳሹ ዓይን ትመልሳለች። ትልቋ የጠመንጃ ካፕሱል ከሽጉጧ በ0.2 ሚሊሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ሽጉጥ ላይ ብትገባ ደግሞ ከቂጡ ወጣ ብላ ትቀራለች። «ወርዷ ገጠመ ብለህ የሰው ዓይን ታጠፋለህ!» አሉት። ልጁ ዝም አለ፤ እኔም በልቤ እሱ ያሰበውን አስቤ ስለነበር አብሬው ዝም አልኩ።

በኋላ ሳነብ፣ ጨው የማትተወው ካፕሱል በጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ትሠራ እንደነበር አየሁ። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኤም ዋን ጠመንጃውን ጥይት በባለ ጨው ካፕሱል ሲሞሉ፣ የካርባይኑን፣ የአጭሩን ጠመንጃ፣ ግን ከመጀመሪያው ጨው አልባ አድርገውታል። የካርባይኑን የጋዝ ፒስተን (የባሩዱ ጋዝ የሚገፋውን ትንሽ ብረት) ወታደሩ ሜዳ ላይ በቀላሉ ፈትቶ ማጠብ አይችልምና። ካፕሱሉን የመረጠው ጠመንጃው ነበር ማለት ነው።

ኃላፊዬ ደብዳቤውን ቀደደ፤ ይቅርታ ግን አላለኝም። እኔም ሳልናገር በመዝገቡ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ አሰመርኩና ሣጥኑንና ቁጥሩን መጻፍ ጀመርኩ። በዓመቱ የመጣው ኦዲተር ገጹን ገልጦ ትንሽ ቆየና መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ 'ቂጥ' የሚለው ምንድነው?»