የጎደሉት 12 ከረጢቶች

ስቶር ኪፐር ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሊመሽ ሲል ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሳይታችን ገባ። ሰነዱ 200 ኩንታል ይላል። ሹፌሩ «እህቴ፣ ቆጥረው ነው የጫኑት፤ ፈርሚልኝና ልውጣ» አለኝ። ፈረምኩለት። ጠዋት ድርድሩን ስቆጥር 388 ከረጢት ሆነ። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነውና 400 መሆን ነበረበት። አቅራቢው ጋ ስንደውል «ፈርማችሁ ተረክባችኋል» ብለው ዘጉት። የ12ቱ ዋጋ በሁለት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ።

ሌሊት ከመጋዘን ተሰርቆም ሊሆን ይችላል እኮ! ሲራገፍ ስላልቆጠርኩ ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሲራገፍ በሩ ላይ ቆሜ በየአሥር ከረጢቱ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። የተቀደደና የጠጠረ ካለ ለብቻው ይቀመጣል።

ልዩነት ሲገኝ መኪናው ሳይወጣ በዴሊቨሪ ኖቱ (ከጭነቱ ጋር የሚመጣው የማስረከቢያ ሰነድ) ቅጂዎች ሁሉ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሹፌሩ ይዞት በሚመለሰውም ላይ ጭምር። መጀመሪያ ሰሞን እኛ ጋ በሚቀረው ላይ ብቻ ነበር የምጽፈው፤ ያ ለራስ ደብዳቤ እንደ መላክ ነው። «ጉድለት አለው» የሚል ጽሑፍም የትም አያደርስም። አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «በሰነዱ 400 ከረጢት፣ ተቆጥሮ የተገኘው 391፣ የጎደለው 9፤ ከተገኘው 4 ተቀድዶ ስለመጣ አልተረከብነውም»። ከሥሩ ሰዓቱ፣ ታርጋው፣ የሹፌሩ ስምና ፊርማ። ጂአርኤኑ ላይ (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ፣ መንግሥት ቤት ሞዴል 19 የሚሉት ነው) የሚሰፍረው 387 ብቻ ነው፤ ፋይናንስም የሚከፍለው በእሱ ልክ ነው።

አልፈርምም የሚል ሹፌር አይጠፋም። አልፈርድበትም፤ ከእኔ እንዳይቆረጥ ብሎ ነው። «ፊርማህ ወሰድኩ ማለት አይደለም፣ ሲቆጠር ነበርኩ ማለት ነው» እለዋለሁ። እምቢ ካለ ፎርማኑና ጥበቃው በምስክርነት ይፈርማሉ፣ ጭነቱንም ታርጋው እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አነሳዋለሁ።

ትርፍ ሲመጣም ይጻፋል። አንዴ 5 ከረጢት በልጦ መጥቶ ዝም አልኩ፤ በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ላይ ከቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ካርድ) ጋር አልገጥም ብሎ ያስጨነቀኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ፌሮ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 300 ቤርጋ (ዘንግ) መጣ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ሲያዩት ግን ቀጠን ያለ መሰለኝ። ባለ 12 በሜትር 888 ግራም መመዘን አለበት። ከሦስት ቤርጋ አንድ አንድ ሜትር አስቆርጬ ብመዝን 810 ግራም አካባቢ። አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ነውና በ300ው ሲባዛ ወደ 280 ኪሎ ይጎድላል። አቅራቢዎቹ «በቤርጋ ነው የሸጥንላችሁ» አሉ። የግዥ ማዘዣችን ላይ ግን ኪሎው ተጽፎ ነበር። ምድር ሚዛን (መኪና ከነጭነቱ የሚመዘንበት) ላይ ወጥቶ ሲታይ ከእኔ ሒሳብ ብዙም አልራቀ፤ ልዩነቱን ከክፍያው ቀነሱ።

አሁን ፌሮ ሊመጣ ነው ሲባል መቁረጫውንና ሚዛኑን ቀድሜ አወጣለሁ። አንዱ ሹፌር ሲያየኝ «ወርቅ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» አለኝ።