ከቤዛዊት ቁልቁለት የጀመረው ጩኸት

ባሕር ዳር የአንድ ሆቴል ሹፌር ነኝ። እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ እቀበላለሁ፣ ጢስ ዓባይ አደርሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ቤዛዊት ኮረብታ አውጥቼ ከተማውንና ዓባይን አሳያለሁ። ከተማችን ሜዳ ናት። ፍሬን የሚፈተነው ከቤዛዊት ሲወረድ ነው።

አንድ ምሽት ስወርድ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ምን እንደሆነ ገባኝ። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨቁኖ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ሲሳሳ ከጎኑ ያለችው ትንሽ ብረት ዲስኩን እየነካች ታፏጫለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ የፍሬን ዘይት ጎድሎ አግኝቼ ሞልቼ ነበር። መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው። ሸራ ባለቀ ቁጥር ከኋላው የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፣ የለቀቀውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፣ ከላይ ማጠራቀሚያው ይጎድላል። የሚፈስ ነገር ሳይኖር ዘይት ከቀነሰ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሸራው ነው።

መኪናዋ የምታድረው እኔ ጋ ነው። ጋራዥ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ቆሜ ስላየሁ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ልቀይረው ወሰንኩ። ለሁለቱም የፊት ጎማዎች ሸራ ገዛሁ። የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አደረግሁ፣ በክሪክ አንስቼ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳረፍኩ። አሮጌው ሸራ ሲወጣ 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አዲሱ 10 ገደማ ነው። 3 ሚሊሜትር ሲቀረው መቀየር ነበረበት።

ፒስተኑን በሞርሳ ጨቁኜ ስመልሰው ያ የሞላሁት ዘይት ከማጠራቀሚያው ገንፍሎ ፈሰሰ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ቶሎ ውሃ ደፋሁበት። ፒስተኑንና ሸራውን የያዘውን ካሊፐር በጨርቅና በቤንዚን ጠራረግሁት። ሲመሽ ጎማውን አጥብቄ ጨረስኩ።

እሑድ በጠዋት እንግዳ አለብኝ። ሞተር አስነስቼ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ግቢያችን የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። አከራዬ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጊዮርጊስ ኪዳን ሲመለሱ በሩ ላይ በመስታወት አየኋቸው። ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ያለ ምንም ግፊት ወለሉን ነካ።

የእጅ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። መኪናዋ ቆመች። እትዬ «በስመ አብ!» ብለው በሩን ተደገፉ። በእሳቸውና በመኪናዋ መካከል የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ግን ቀና አድርገው «ተነስ ልጄ፣ አንተ ደህና ነህ?» አሉኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይረበሻል።

እንግዳውን ሌላ ሹፌር ተቀበለልኝ። እኔ ለረጅም ጊዜ የማውቃቸው መካኒክ ጋ ደወልኩ። ጋሼ በባጃጅ መጡ።

«ስንት ጊዜ ረገጥከው?»

«መቼ ጋሼ?»

«ሸራውን ገጥመህ ስትጨርስ። መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት።»

«አልረገጥኩም።»

አልተቆጡም። ጎማውን አስፈትተው እጄን ካሊፐሩ ላይ አስቀመጡት። «ፒስተኑን ወደ ውስጥ ስትገፋው በእሱና በሸራው መካከል ክፍተት ትተሃል። ክፍተቱን የሚዘጋው ከእግርህ የሚሄደው ዘይት ነው። አንድ ርግጫ አይበቃውም። ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመህ ትረግጣለህ፣ ከዚያ የዘይቱን ልክ ታያለህ።»

ቀጥለው አፍንጫቸውን አስጠጉ። «ቤንዚን?» አሉኝ። ዘይት እንዳይወጣ ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ላስቲክ ለፍሬን ዘይት የተሠራ ነው፤ ቤንዚንና ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ካበጠ ፒስተኑ ይይዛል ወይም ዘይት ያንጠባጥባል። ይህን እኔ ጨርሶ አላውቅም ነበር፤ ስንቱ ሹፌር በቤንዚን እንደሚያጥብ ሳስብ ያሳስበኛል። በሳሙናና በውሃ አጥበው አደረቁት፣ ላስቲኩን በጣታቸው ዳሰሱት። ደህና ነበር። ለሳምንት በየጠዋቱ ከሥር እርጥበት መኖሩን እንዳይ አዘዙኝ። ካሊፐሩን በዘይት ቱቦው አንጠልጥዬ እንደሠራሁ ስነግራቸው በእሱ እንዳንጠለጥለው ኪሳቸው ውስጥ ከነበረ ሽቦ ቆርጠው ሰጡኝ። ቱቦው ከውስጥ ቢሰነጠቅ ከውጭ አይታይም።

ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሥራውን ሁሉ እንደገና በእኔ እጅ አስጀመሩኝ። ስጨርስ ረገጥኩ። አራተኛው ላይ ፔዳሉ ጠነከረ። ጋሼ ግን ሌላውንም ጎማ አስፈቱኝ።

ሰኞ ለሥራ አስኪያጃችን የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደሞዝ ይቆርጣል ብዬ ነበር። አልቆረጠም፤ ፍሬን የተነካች መኪና ያለ መካኒክ ፊርማ እንግዳ እንዳትጭን ደንብ አወጣ።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ጋሼን ይዤ ጭር ባለ አስፋልት ላይ ፍጥነቱን በሰዓት ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በፍሬን ቀስ እያልኩ ደጋግሜ ቀነስኩ፣ በየመሃሉ እየነዳሁ ፍሬኑን አቀዘቀዝኩት። ሲመሽ ቤዛዊት ወጣን። ስንወርድ ጋሼ መስታወቱን አውርደው ጆሯቸውን ወደ ጎማው አዘነበሉ። ታች እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገሩም።