ከምድር እምብርት ብረት ጋር ያደረግሁት ልኬትና የውፍረቱ ጉዳይ

ፈሳሹ የምድር ውጫዊ እምብርት ከእግራችን በታች 2,890 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይጀምራል፤ በዚያ ያለው ግፊት 136 ጊጋፓስካል፣ ሙቀቱም 4,000 ኬልቪን አካባቢ ነው። ብረቱ ሙቀትንና ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ማወቅ የፈለገ ሰው ያንን ሁኔታ በቤተ ሙከራ መፍጠር አለበት። እኔም ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ፣ ከክብደቱ 4 በመቶው ሲሊከን የሆነ የብረት ቅይጥ በስሱ ጠፍጥፌ በሁለት አልማዞች ጫፍ መካከል ጨመቅሁት። ሲሊከን የጨመርኩት፣ እምብርቱ ከንጹሕ ብረት የቀለለ በመሆኑ በውስጡ ቀላል ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ስለሚታመን ነው።

ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ያልተፈታ ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ፖዞ፣ ዴቪስ፣ ጉቢንስና አልፌ በኳንተም ስሌት የእምብርቱ አስተላላፊነት ቀድሞ ከተገመተው ሁለትና ሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳዩ። በ2016 ደግሞ በአንድ የመጽሔት እትም ሁለት ተቃራኒ ልኬቶች ወጡ፦ የኦህታ ቡድን የኤሌክትሪክ ተቃውሞን ለክቶ ከፍተኛውን ሲደግፍ፣ የኮኖፕኮቫ ቡድን የሙቀትን ጉዞ በቀጥታ ተከታትሎ ከ18 እስከ 44 ዋት በሜትር በኬልቪን ብቻ አገኘ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ብረቱ ሙቀትን በደንብ ካስተላለፈ፣ ፈሳሹን አንቀሳቅሶ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚያመነጨው ኃይል ያንሳል፤ መስኩ ግን ቢያንስ ለ3.4 ቢሊዮን ዓመታት እንደኖረ ጥንታዊ ዓለቶች ይመሰክራሉ።

በናሙናው ላይ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አገናኘሁ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ ሲያስገቡ ሁለቱ ቮልቴጅ ያነባሉ፣ የመገናኛው ተቃውሞም በዚህ መንገድ ከልኬቱ ይወጣል። በሙቀት ልዩነት የሚፈጠረውን ትርፍ ቮልቴጅ ለማስወገድ ደግሞ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ እያገላበጥኩ ደጋግሜ አነበብኩ። አስቀድሜ በንጹሕ ብረት ስሞክር፣ ብረቱ 13 ጊጋፓስካል አካባቢ የክሪስታል ቅርጹን ሲቀይር ተቃውሞው እንደሚጠበቀው በግልጽ ዘለለ። መሣሪያዬ ትክክል ነው ብዬ ያመንኩት በዚህ ነው፤ ስህተቴም የጀመረው ከዚህ ነው። ዝላዩ የሚያረጋግጠው በሁለት ንባቦች መካከል ያለውን ንጽጽር እንጂ ፍጹም ዋጋውን አልነበረም።

ቅይጡን እስከ 60 ጊጋፓስካል ስጨምቀው ከጠበቅሁት ከፍ ያለ ተቃውሞ አገኘሁ፤ ዝቅተኛውን አስተላላፊነት የሚደግፍ ስለመሰለኝም ለሳምንታት ደስ ብሎኝ ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አማካሪዬ ግን ረቂቁን አንብበው፣ «ውፍረቱን መቼ ነው የለካኸው?» ብለው ጠየቁኝ። የለካሁት አልማዞቹን ከመግጠሜ በፊት ነበር፤ 8 ማይክሮሜትር። ግፊቱን አንስቼ ናሙናውን በአዮን ጨረር ቆርጬ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስመለከተው፣ መካከሉ ወደ ጎን ተገፍቶ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ቀርቶ ነበር። ተቃዋሚነት፣ ማለትም የናሙናው ቅርጽ ሳይቆጠር የቁሱ የራሱ ተቃውሞ፣ በስሌቱ ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ ስለሚባዛ፣ ተቃዋሚነቱን በ1.6 እጥፍ አግዝፌው ኖሯል፤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በዚያው ልክ ከፍ አለ፣ ክርክሩን ያገዘ የመሰለኝም ውጤት ጠፋ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ወደ ሙቀት ስሻገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ በሚታወቀው የዊድማንና የፍራንዝ ሕግ፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን በሙቀት መጠኑና 2.44 × 10⁻⁸ በሆነ ቋሚ ቁጥር አባዝቶ የሙቀት አስተላላፊነትን ማግኘት ይቻላል፤ ተቃዋሚነቱ አንድ ማይክሮ ኦም ሜትር ከሆነ በ4,000 ኬልቪን 98 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ሲጋጩ ያ ቋሚ ቁጥር ሊያንስ ይችላል። ከዚህም ሌላ በሌዘር የደረስኩበትን 2,000 ኬልቪን ይዤ እስከ 4,000 በቀጥታ መስመር ማስመር አልነበረብኝም፤ ኤሌክትሮኖቹ ከግጭት እስከ ግጭት የሚጓዙት ርቀት በአተሞች መካከል ያለውን ርቀት ያህል ካጠረ በኋላ የተቃውሞው ጭማሪ ይዳከማልና።

አሁን እያንዳንዱን ናሙና ከሙከራው በኋላ እቆርጣለሁ። በሠንጠረዦቼም ከተቃውሞው አጠገብ ውፍረቱ መቼና እንዴት እንደተለካ የሚገልጽ ዓምድ አለ፤ ከኤሌክትሪክ የተሰላ የሙቀት አስተላላፊነትንም «የተለካ» ብዬ አልጽፍም።